የልጅ ልጃችን ቦርሳ

ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነው። አረንጓዴ ናት፤ ፊቷ ላይ የዝሆን ሥዕል አለባት፤ የአንደኛው ኪሷ ዚፕ ከተበላሸ ቆይቷል። በየማለዳው በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ተከፍታ ትቀመጣለች፤ እኛም ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ቆመን እንሞላታለን። በዚህ ጽሑፍ “እኛ” ስንል ሁለታችንን ነው። አንዳችን መጋቢ ነው፤ ብዕሩን የያዘውም እርሱ ነው። ሌላኛዋ አጠገቡ ተቀምጣ እያነበበች “ኧረ እንደዚያ አልነበረም” የምትለዋ ናት።

ቦርሳዋ የልጅ ልጃችን ናት። ልጃችንና ባለቤቷ ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው። ልጃችን ስትወልድ ሕጉ የሚሰጣትን ፈቃድ ወሰደች፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ማለት ነው። ለአባትየው የተፈቀደለት 3 ቀን ነበር። (በ3 ቀን ውስጥ አባትነት ምን ያህል ይለመዳል ብለን ለመጠየቅ ፈልገን ነበር፤ ነገር ግን እኛ ሕጉን ለመውቀስ ድፍረቱ የለንም። ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ።) 90ው ቀን ሲያልቅ ሕፃኗን ሴት አያቷ ተረከበቻት። እናቷ የጡቷን ወተት እያለበች በጡጦ ታስቀምጥልን ነበር። ከፍሪጅ ውጭ ከ4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ከ4 ቀን በላይ እንዳይቆይ በወረቀት ጽፋ የፍሪጁ በር ላይ ለጠፈችው። ሴት አያቷ መጀመሪያ “የእናት ወተት ፍሪጅ ውስጥ!” ብላ ደንግጣ ነበር፤ በኋላ ግን ሰዓቱን ከእናትየው ይበልጥ የምትቆጣጠረው እርሷ ሆነች።

ሕፃኗ 1 ዓመት ከ2 ወር ሲሞላት ግን መሮጥ ጀመረች፤ የሴት አያቷ ጉልበት ደግሞ መሮጥ ካቆመ ሰንብቷል። ስለዚህ በሰፈራችን ካለው ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ ባለ አንድ የሕፃናት ማቆያ አስመዘገብናት። እናትና አባቷ ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፏን ሳትጨርስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያደርሱልናል። ቁርስ አብልተን፣ ቦርሳዋን አዘጋጅተን፣ 2 ሰዓት ላይ ማቆያው የምናደርሳት እኛ ነን።

ይህን ያህል ካልን ዘንድ ቦርሳዋ ውስጥ ምን እንደሚገባ እንንገራችሁ። 5 ዳይፐር። እርጥብ ሶፍት። ቫዝሊን። ሁለት ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠቅልሎ፣ ሞግዚቷ አንዱን ስትስብ ሌላው እንዳይበተን። ሁለት ጥንድ ካልሲ። የቆሸሸው ልብስ የሚመለስበት ባዶ ፌስታል። በምሳ ዕቃ በርበሬ የሌለው አልጫ ፍትፍት ወይም የተፈጨ ድንችና ካሮት፣ ለመክሰስ ሙዝ፣ በትንሽ ፔርሙስ አጥሚት፣ በኮዳ ውሃ። ሹራብ፣ ማለዳ ስለሚበርድ። ከሁሉም በታች ደግሞ የእናቷ አሮጌ ሻሽ። ሻሹ ታጥቦ አያውቅም፤ ሆነ ብለን ነው የማናጥበው። ከምሳ በኋላ ስትተኛ እርሱን አፍንጫዋ ሥር ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ይህን ሁሉ የምታውቀው ሴት አያቷ ነበረች። እኛ ሁለታችን እንሞላታለን ብንልም፣ ከጥቂት ወራት በፊት ድረስ የመጋቢው ድርሻ ቦርሳዋን በትከሻው አንግቶ መሄድ ብቻ ነበር። በመንገድ የሚያገኙን ምዕመናን “እንዴት ያለ አያት ነው!” ሲሉ ደስ ይለው ነበር። ተሸካሚው ተመሰገነ፤ ያዘጋጀችውን ያየ ግን አልነበረም።

ባለፈው ሰኔ የሴት አያቷ እኅት ታመመችና ሐዋሳ ሄዳ ልታስታምማት ተነሣች። ከመሄዷ በፊት ሁሉንም በዝርዝር ልትነግረው ስትጀምር መጋቢው እጁን አወዛወዘ። ሦስት ልጆች ያሳደግን ሰዎች አይደለን? አንድ ቦርሳ ምን ያቅታል?

በማግስቱ ማለዳ ቦርሳዋን ብቻውን አዘጋጀ። ምን ምን እንዳስገባ ሳንደብቅ እንጻፍ። 2 ዳይፐር። አንድ ሙዝ። ክዳኑ በደንብ ያልተጠበቀ ኮዳ። የልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሥዕል መጽሐፍ። በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ። ቆሎው ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቀው የሰጠው መልስ “ሰው ሲርበው ቆሎ ይበላል” የሚል ነበር። የተነሣችው ሕፃን በአፏ ውስጥ ያሏት ጥርሶች ግን 6 ብቻ ናቸው።

4 ሰዓት ከሩብ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስብሰባ መካከል ስልክ ተደወለ። የማቆያው ሞግዚት ነበረች፤ በጣም ትሑት ልጅ ናት። “ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቅያሪ ልብስ ረስታችሁ ነው? ውሃው ቦርሳው ውስጥ ፈስሶ ዳይፐሩም ረጥቧል። ለጊዜው የሌላ ልጅ ሱሪ አልብሰናታል” አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ደግሞ ጋሼ፣ ቆሎ ባትልኩብን። ለዚህ ዕድሜ ያንቃታል” አለች። እውነቷን ነው። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ለትናንሽ ልጆች እንዳይሰጥ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ፤ 4 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ። ደረቅና ክብ ነገር በቀጭኗ የአየር ቧንቧቸው ላይ በቀላሉ ይወተፋል። እኛ በቆሎ ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ፈገግ እንላለን፤ ያነቀው ልጅ ያየ ሰው ግን ፈገግ አይልም።

ማታ ልጃችን ልጅዋን ልትወስድ መጣች። ሕፃኗ እግሩ ሁለቴ የተጠቀለለ የወንድ ልጅ ሱሪ ለብሳ ወለሉ ላይ ትጫወታለች። መጋቢው ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጎ ነገራት፤ ቆሎውን፣ ኮዳውን፣ የሥዕል መጽሐፉን። ሳቀች። ከዚያም እየሳቀች “አባዬ፣ ለእኔም እኮ አንድ ቀን ብቻ ነው ቦርሳ ያዘጋጀኸው። ያኔም ቅያሪ ልብስ ረስተህ ነበር” አለችው።

እርሱ ያን ቀን አያስታውሰውም። እርሷ ግን 4 ዓመቷ ነበር፤ ታስታውሰዋለች። እናቷ ወንድሟን ለመውለድ ሆስፒታል ገብታ ነበር። አባቷ ሙአለ ሕፃናት ሲወስዳት ዝናብ ያዛቸው፤ እርሷም እስከ ጉልበቷ ራሰች። እርሱ በሩ ላይ ትቷት ወደ ኮንፈረንስ ሮጠ። “መምህሯ ቅያሪ ልብስ ፈልጋ ቦርሳዬን ገለበጠችው። አንድ ደብተርና ደረቅ ዳቦ ወደቀ። ልጆቹ ሁሉ ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ አንተ እስክትመጣ በርጥብ ልብስ ተቀመጥሁ። ስትመጣ መሽቶ ነበር፤ ዘበኛው ካፖርቱን አልብሶኝ ነበር” አለች። ምሬት አልነበረባትም። ይህን ስትናገር የልጅዋን ካልሲ እያወለቀች ነበር።

ከሄዱ በኋላ መጋቢው የድሮ የአገልግሎት ማስታወሻ ደብተሮቹን አወጣ። ሁለተኛው ልጃችን የተወለደበትን ቀን ስለምናውቅ ገጹን ማግኘት አልከበደም። ኮንፈረንሱ ተጽፏል። የተሰበከበት ክፍል ተጽፏል። ጌታን የተቀበሉ ሰዎች ቁጥር ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ስለ ልጁ መወለድ በገጹ ጥግ አንድ መስመር አለ። ስለ ዝናቡም ስለ ልጅቱም አንዳች የለም። ወገኖች፣ የዚያ ቀን ነፍሳት ለጌታ መዳናቸው እውነት ነው፤ ዛሬም ጌታን እናመሰግናለን። ነገር ግን በዚያው ሰዓት አንዲት የ4 ዓመት ልጅ በዘበኛ ካፖርት ውስጥ ተቀምጣ በር በሩን ታይ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን እንዲሸፍንልን ለዓመታት ስንጠቀምበት እንደ ኖርን የገባን ያን ሌሊት ነው።

ስለ ሐና ስንት ጊዜ ሰብከናል! በእናቶች ቀን፣ በሕፃናት ምርቃት ቀን፣ በጾም ጸሎት ፕሮግራም። የመካንነቷን እንባ ሰብከናል፤ የካህኑን አለማስተዋል ሰብከናል፤ ስእለቷን፣ ልጁን ለጌታ መስጠቷን፣ መዝሙሯን ሰብከናል። ስብከታችን ሁልጊዜ የሚያልቀው እርሷ ሳሙኤልን በሴሎ ትታ ስትመለስ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ቁጥር 19 ላይ ሐና በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር ይነግረናል። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን የሳሙኤልን መጽሐፍ ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምረናል፤ በዚያ መደረቢያ ላይ ግን አንድም ሰዓት አልቆምንም።

አሁን ግን ቆምንበት። እስኪ አስቡት። ልጁን ካየችው ዓመት ሆኗታል። ቁመቱ የት እንደ ደረሰ አታውቅም። እጅጌውን ስትቆርጥ ወደ ፊት አስባ ነው፤ “አሁን ይህን ያህል ሆኖ ይሆናል፣ ትከሻው ይህን ያህል ሰፍቶ ይሆናል” እያለች። ዓመቱን ሙሉ ልጁን በልቧ እያሳደገች መሆን አለበት፤ አለዚያ መቀሱ የት ላይ እንደሚያርፍ በምን ታውቃለች? ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁና ልብሱ የካህኑ ጉዳይ ነው አላለችም። እኛ ግን ልጆቻችንን “ለጌታ ሰጥተናቸዋል” ያልነው ብዙ ጊዜ ስለ ካልሲያቸው እንዳናስብ ነበር።

በዕብራይስጥ ክፍል የተማርነው አንድ ነገርም ያን ሌሊት ትዝ አለን። በዘፍጥረት 22 አብርሃም ለዚያ ተራራ ስም ሲያወጣ የተጠቀመበት ግሥ መሠረቱ “ማየት” ነው። እግዚአብሔር ያዘጋጃል ብለን የምንናገረው፣ ቃሉ በሥሩ እግዚአብሔር ያያል ነው። ይህን በፈተና ላይ በትክክል መልሰን ጥሩ ውጤት አግኝተንበታል። ማዘጋጀት ማለት ሰዓቱ ሳይደርስ ሰዓቱን ማየት እንደ ሆነ ግን ያስተማረችን ሴት አያቷ ናት። 5 ዳይፐር የምታስገባው ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ በዓይነ ኅሊናዋ አልፋበት ነው። ባዶው ፌስታል የሚገባው 7 ሰዓት ላይ የሚሆነውን አስቀድማ ስላየች ነው። ሻሹ የሚገባው ሕፃኗ ዓይኗን ጨፍና እናቷን የምትፈልግበትን ደቂቃ ስለምታውቅ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው፤ ስንቅ። በጌታ ያንቀላፋችው የመጋቢው እናት ወላይታ ገጠር ውስጥ ነበረች። እርሱ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የተማረው ሶዶ ከተማ ነው፤ ከሌሎች የገጠር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው። በየሳምንቱ ዓርብ በእግሩ ወደ ቤት ይሄዳል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል። የበቆሎ ቂጣ፣ ጎዳሬ፣ ቆሎ። (ቆሎው ከየት እንደ መጣ አሁን ገባችሁ።) እናቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ስንቁን በሁለት ጨርቅ ከፍላ ታስር ነበር። አንደኛው ቶሎ የሚበላሸው፣ እስከ ረቡዕ የሚበላ። ሁለተኛው ደረቁ፣ ከኀሙስ በኋላ የሚፈታ። የሁለተኛውን ቋጠሮ በጣም አጥብቃ ታስረዋለች፤ ማክሰኞ ማታ ሲርበው በቀላሉ እንዳይፈታው። ልጅዋን ታውቀው ነበር። የእሴይ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ዳዊት ወደ ጦር ሜዳ ሲላክ የተጠበሰ እሸቱና 10ሩ እንጀራ ለወንድሞቹ፣ 10ሩ አይብ ደግሞ ለሻለቃቸው ተብሎ ተለይቶ ነበር። ሁሉም ሰው ስለ ጎልያድ ይሰብካል።

ስንቅ እየበላ ያደገ ሰው ለልጁ ስንቅ መቋጠር እንዴት እንደ ጠፋበት ብዙ አሰብንበት። መልሱ ቀላል ነው። ሌላ ሰው ይቋጥርልን ስለ ነበረ ነው። መጀመሪያ እናቱ፣ ከዚያም ሚስቱ። ለአገልግሎት ወደ ገጠር ሲወጣ እንኳ ሻንጣውን ያዘጋጀችለት ማን ነበረች? የደም ግፊት መድኃኒቱን ቆጥራ ካልሲው ውስጥ የምታስቀምጠው ማን ናት? (“ይህንም ጻፈው” አለች አጠገቡ የተቀመጠችው። ተጽፏል።)

ሴት አያቷ ከሐዋሳ በስልክ ነገሩን ስትሰማ “ይቅርታ ጠይቃት” አለችው። እርሱ ደግሞ “25 ዓመት ያለፈው ነገር፣ እርሷም እየሳቀች ነው የነገረችኝ” አለ። “ሳቀች ማለት አላመማትም ማለት አይደለም” አለችው፤ ስልኩንም ዘጋች። መጋቢ ሆኖ ሰዎችን በቢሮው አስቀምጦ ይቅር ማባባል እንዴት ቀላል ነው! የራስ ሲሆን ግን ሁለት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በ12 ሰዓት ተኩል፣ ልጃችን ሕፃኗን አቅፋ በር ላይ እንደ ቆመች፣ ምንም መግቢያ ሳያዘጋጅ “ልጄ፣ ስለዚያ ቀን ይቅር በይኝ። ስለ ቦርሳውም፣ ስላመሸሁበትም” አላት። ሰርቪሷ ሊያመልጣት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ሕፃኗን በእጁ ላይ አስቀመጠችና “ካልሲዋን ፈትሽ፣ አንደኛው ጠቧታል” ብላ ወጣች። ያን ቀን ሌላ ምንም አላለችም። ይቅር አልሁ ያለችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ በምን አጋጣሚ እንደ ሆነ ግን በእርሷና በአባቷ መካከል ይቅር።

ሌላም ይቅርታ ነበረብን። ለብዙ ዓመታት መጋቢው ከመድረክ ላይ ሆኖ አርፍደው የሚመጡ ምዕመናንን ይገሥጽ ነበር። “ለንጉሥ ቀጠሮ ይረፈዳል ወይ?” እያለ። አንድ እሑድ ዝም ብሎ በሩን ተመለከተ። አምልኮ ከተጀመረ በኋላ ከገቡት አብዛኞቹ በአንድ እጃቸው ሕፃን፣ በሌላው ቦርሳ የያዙ እናቶች ነበሩ። ያ ቦርሳ ሳይሞላ ከቤት አይወጣም፤ ከሞላ በኋላም ሕፃኗ በሩ ላይ ስትደርስ ልብሷን ታበላሽና እንደ ገና ይፈታል። አሁን እኛም እናውቀዋለን። እነዚህ እኅቶች ገብተው የሚቀመጡበት የኋላ ወንበር ላይ ሆነው ተግሣጹን ሲሰሙ ኖሩ። በሚቀጥለው እሑድ ከዚያው መድረክ ላይ ይቅርታ ተጠየቁ። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይም ስለ አዲሱ የድምፅ መሣሪያ ከመነጋገራችን በፊት የሕፃናት ዳይፐር የሚቀየርባት አንዲት ጠረጴዛና መጋረጃ ትሠራ ተባለ። አንድ ወንድም “ይህ የሽማግሌዎች አጀንዳ ነው ወይ?” አለ። ነው። ጠረጴዛዋ ተሠርታለች፤ ከፓስተሩ ቢሮ አጠገብ ናት፤ አልፎ አልፎ ሽታው ይገባል።

ሴት አያቷ ከሐዋሳ ከተመለሰች በኋላ ሥራውን ተከፋፈልን። ምሳ ዕቃው የእርሷ ነው፤ ልብሱና ዳይፐሩ የመጋቢው። ከጸሎት በኋላ፣ ማታ ላይ፣ የሚቻለውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ አንዱን ቅያሪ ሲጠቀልል በስሟ ይጸልያል፤ ለብቻው የሚደረግ ጸሎት ሲሆን ሐሳቡ ይበተንበት የነበረ ሰው አሁን እጁ ሥራ ላይ ስለ ሆነ አይበተንበትም። የልብሱ ኮሌታ ላይ ስሟን በማይለቅ ቀለም ጽፏል። ኮዳውን ዘግቶ ይገለብጠዋል፣ ያራግፈዋል፣ ከዚያ ያስገባዋል። አሁንም ይሳሳታል። ባለፈው ሳምንት ሁለት የቀኝ እግር ጫማ አስገብቶ ነበር።

ይህን የምንጽፍላችሁ ሐሙስ ማታ ነው። ውጭ ዝናብ አለ። ልጃችን ልጅዋን ልትወስድ መጥታ ሻይ እስኪፈላ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቦርሳ ወደ ራሷ ሳበች። ከፈተቻት። በጣቷ እያነሣች አየች፤ አንዱን ጥቅል፣ ሁለተኛውን ጥቅል፣ ለዝናቡ ሲባል የተጨመረውን ሦስተኛ ጥቅል፣ ካልሲዎቹን። ካልሲዎቹን ገልብጣ ጥንዱን አረጋገጠች። ምንም ሳታወጣ፣ ምንም ሳትጨምር ዘጋቻት፤ ዚፗም እንደ ልማዷ መሃል ላይ ያዘች።